«ተንባይ» የተባለው ስያሜ ሲመረመር፦ የኩላሊት ካንሰር አመላካቾች በአማርኛ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው፣ ቃሉ ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ ይወሰድ ወይስ ከግእዝና ከአማርኛ ሥር ይፈጠርለት የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ቃሉ በምንጩ ቋንቋ ውስጥ አንዱን ነገር ከሌላው የሚለየው በምንድን ነው የሚለው ነው። ይህ ሳይመለስ የሚወጣ ስያሜ ለጆሮ ምንም ያህል ቢጥም ጽንሰ ሐሳቡን ሊይዝ አይችልም። ነገሩን ለማስረዳት ከቅርብ ዘመን የሕክምና ምርምር አንድ ሐረግ ወስደን እንመረምራለን።

ሐረጉ የሚመለከተው፣ የኩላሊት ካንሰር የያዘው ሰው ወደ ፊት ምን እንደሚገጥመው፣ በዕጢው ዲ ኤን ኤ ላይ ከተለጠፈው ሜቲል የተባለ ኬሚካል በመነሣት ለመገመት የሚደረገውን ጥረት ነው። ለእርማት በደረሱን ረቂቆች ውስጥ በሦስት ዐይነት ተተርጕሞ አግኝተነዋል። አንደኛው «የኩላሊት ነቀርሳን ውጤት የሚተነብዩ የዘረመል ለውጥ ምልክቶች» ይላል። ሁለተኛው «የኩላሊት ዕጢን ፍጻሜ ተንባይ ሥነ ሕይወታዊ ጠቋሚዎች» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የኪድኒ ካንሰር አውትካምን ፕሬዲክት የሚያደርጉ የዲ ኤን ኤ ሜቲሌሽን ባዮማርከሮች» ብሎ አልፏል። ሦስተኛው ከአያያዥ ቃላቱ በቀር አማርኛ የለበትም። ሆኖም አንድ በጎ ጎን አለው፤ አንባቢው ያልገባው ነገር እንዳለ ያውቃል። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን የገባው ያስመስሉታል። ስለዚህ ሒሳችን በይበልጥ የሚያተኵረው በእነርሱ ላይ ነው።

ከበሽታው ስም እንጀምር። «ነቀርሳ» ነባርና ያማረ ቃል ነው፤ ነገር ግን «የሳምባ ነቀርሳ» ስንል የምናወራው ስለ ቲቢ እንጂ ስለ ካንሰር እንዳልሆነ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል። የቲቢ ባክቴሪያ ደግሞ ኩላሊትንም ያጠቃል። እንግዲህ «የኩላሊት ነቀርሳ» የሚለውን ያነበበ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚረዳ ዋስትና የለም፤ አንደኛው በጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚታከም፣ ሌላው በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ሕመም ነው። «ዕጢ» የሚለውም ከዚህ አይሻልም። በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ ሆርሞን የምታመነጭ ጤነኛ ዕጢ ስላለች፣ «የኩላሊት ዕጢ» ለዚህችም ለእባጩም እኩል ይሆናል። «ካንሰር» የውሰት ቃል ቢሆንም ከከተማ እስከ ገጠር ተለምዷልና በእርሱ መጽናት ይበጃል።

ከዚሁ ጋር አንድ ቃል ሳናነሣ አናልፍም። ከኩላሊት ካንሰር ዐይነቶች በብዛት የሚገኘውና ከ4 ሕሙማን ወደ 3ቱ በሚሆኑት ላይ የሚታየው ዐይነት በእንግሊዝኛ ስሙን ያገኘው ከሕዋሳቱ መልክ ነው። በሕዋሳቱ ውስጥ የተከማቸው ስብና ግላይኮጅን ናሙናው ለምርመራ ሲዘጋጅ ስለሚታጠብ፣ ሕዋሱ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ባዶ ይመስላል። ከላይ የጠቀስነው የመጀመሪያው ረቂቅ ይህን «ንጹሕ ሕዋስ» ብሎታል። ውጤቱን የሚጠባበቅ ሕመምተኛ በወረቀቱ ላይ «ንጹሕ ሕዋስ» የሚል ቢያነብ ምን እንደሚረዳ መገመት አያዳግትም፤ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። «የገረጣ ሕዋስ» ቢባል መልኩንም ያሳያል፣ የምሥራችም አይመስልም።

ወደ ሜቲል እንለፍ። ሜቲል አንድ ካርበንና ሦስት ሃይድሮጂን ያሉት አነስተኛ የአቶም ጕባኤ ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ሁለቱ የፈረንሳይ ኬሚስቶች ዱማና ፔሊጎ ከእንጨት ለሚገኘው አልኮል ካወጡት ስም የተቀነጨበ ሲሆን፣ የግሪክኛ ሥሩ ወይንና እንጨት ማለት ነው። አንዳንድ የቃል ፈጣሪዎች የምንጩን ሥር ፈልፍሎ መተርጐምን እንደ ሕግ ይይዙታል። በዚህ ሕግ ብንሄድ ሜቲልን «የእንጨት ወይን» ልንለው ነው። የኬሚካል ስሞች ዓለም አቀፍ መለያዎች ስለሆኑ «ሜቲል» እንዳለ ይግባ። ችግሩ የሚመጣው ከስሙ ላይ ስለሚረቡት ቃላት ነው።

«ሜቲሌሽን» ብለን ከወሰድን «ሜቲሌትድ»፣ «ዲሜቲሌሽን»፣ «ሃይፐርሜቲሌትድ» እያልን የእንግሊዝኛውን ምዕላዶች በሙሉ አብረን እናስገባለን። ለአማርኛ አንባቢ እነዚህ አራት ዝምድና የሌላቸው ቃላት ናቸው፤ ዝምድናቸውን የሚያሳዩት ቅጥያዎች በቋንቋው ውስጥ ሕይወት የላቸውምና። ከዚህም ሌላ «ሜቲሌሽን» በምንጩ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው፦ ሜቲል የሚለጠፍበት ተግባርና ተለጥፎ የሚገኝበት ሁኔታ። በካንሰር ጥናት ውስጥ የሚለካው ሁኔታው ነው። ለተግባሩ «የሜቲል ልጠፋ»፣ ለተቃራኒው «የሜቲል ንቀላ» ብንል፣ ሁለቱም ከለጠፈና ከነቀለ በተለመደው ሥርዓት የወጡ ናቸው።

ለሁኔታው ግን አማርኛ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሀብት አለው። በቅጥያ «-ኣም» እና በቅጥያ «-ኣማ» መካከል ያለውን ልዩነት እናስታውስ። «ቀንዳም» ቀንድ ያለው ነው፤ ባለቤቱ አንድ በሬ ነው። «ተራራማ» ግን ተራራ የበዛበት አካባቢ ነው። አንድ ተራራ ብቻ ያለበትን ሜዳ ተራራማ አንለውም። በዲ ኤን ኤም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው። ሜቲል በብዛት የሚለጠፈው ሳይቶሲን በተባለው ፊደል ላይ፣ በተለይም ከእርሱ ቀጥሎ ጓኒን በሚገኝበት ቦታ ነው። እነዚህ ጥንዶች ተሰብስበው የሚገኙበት አካባቢ «ደሴት» ይባላል፤ ምሳሌያዊ አነጋገሩ በአማርኛም ያለ ችግር ይሄዳል። እንግሊዝኛው ለነጠላው ፊደልም ለደሴቱም አንድ ቅጽል ብቻ ነው ያለው። እኛ ግን «ሜቲላም ሳይቶሲን» እና «ሜቲላማ ደሴት» ብለን ልንለይ እንችላለን። «-ኣም» እንደ ሆዳም፣ እንደ ቅናታም ባሉ ቃላት ላይ የነቀፌታ ቃና እንዳለው እናውቃለን፤ ቀንዳምና ሀብታም ግን ያለ ነቀፌታ ይኖራሉና ለኬሚካል ቃል ይህ አያሰጋም።

መጠኑን በተመለከተ «ልዕለ ሜቲላማነት» የሚል ስያሜ ቀርቦ አይተናል። «ልዕለ» ከፍጹም ከፍታ ጋር የተያያዘ ነው፤ «ልዕለ ኃያል» ስንል ከእርሱ በላይ የለም ማለታችን ነው። በጥናቱ ግን መብዛትም ሆነ ማነስ የሚባለው ከጤነኛው ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ነው። «የበዛ» እና «የሳሳ» ሜቲላማነት ማለት ግርማ ቢያንሰውም ለእውነቱ ይቀርባል።

ከሁሉ ይልቅ ስሕተት የምንለው ሜቲላማነትን «የዘረመል ለውጥ» ማለትን ነው። በመጀመሪያ «ዘረመል» በልማድ አንዴ ለዲ ኤን ኤ፣ አንዴ ለበራሂ፣ አንዴም ለጠቅላላው የውርስ ጥናት የሚነገር ስለሆነ ብቻውን አይጨበጥም። ዋናው ግን «ለውጥ» የሚለው ነው። ሜቲል ሲለጠፍ የዲ ኤን ኤው ፊደል አይለወጥም፤ የሚለወጠው ንባቡ ነው። ለቋንቋ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «ገና» ብለን ስንጽፍ ፊደሉ አንድ ነው፤ «ና» ሲላላ «እስካሁን አልሆነም» ይሆናል፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «አለ»ም እንዲሁ ነው። በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት ጥብቀትን ለማሳየት ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ይደረጋል፤ ሜቲልን እንደዚያ ነጥብ ብናየው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ልዩነቱ፣ ነጥቡ አንዱን ትርጉም በሌላ ሲተካ፣ በበራሂው መግቢያ ላይ የሚበዛ ሜቲል ግን በአብዛኛው ንባቡን ጨርሶ የሚያስቀር መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ቪ ኤች ኤል የተባለው በራሂ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በትክክል ሲሠራ ዕጢ እንዳይፈጠር የሚያግዝ፣ ሲጓደል ደግሞ ለኩላሊት ካንሰር በር የሚከፍት ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1994፣ አንድ የምርምር ቡድን 26 የኩላሊት ዕጢዎችን መርምሮ በ5ቱ ላይ የዚህ በራሂ ደሴት በሜቲል ተሸፍኖ አገኘው። ከ5ቱ በ4ቱ ላይ ምንም የፊደል ለውጥ አልተገኘም። እንግዲህ ግኝቱ ይህ ነው፦ ፊደሉ ሳይነካ በራሂው ዝም ሊሰኝ ይችላል። ሜቲሉን የሚያስለቅቅ ኬሚካል በቤተ ሙከራ በሚራቡ የካንሰር ሕዋሳት ላይ ሲጨመር በራሂው እንደ ገና መነበብ ጀመረ። ይህን ወረቀት «የዘረመል ለውጥ» በሚለው ቃል ብንተረጕመው፣ ጸሐፊዎቹ «ለውጥ አላገኘንም» ያሉበትን ቦታ «ለውጥ አገኘን» ብለን መጻፋችን ነው። ተርጓሚው አንድ ቃል ብቻ አጓድሎ የወረቀቱን ሐሳብ ገልብጦታል።

ስለ አመላካቹ ስም በአጭሩ እንናገር። «ምልክት» ከተባለ ሕመምተኛው የሚያስበው ሕመሙ በሰውነቱ ላይ የሚያሳየውን ነው፤ ትኵሳት፣ ቍርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሽንት። የኩላሊት ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ ያለ እነዚህ ምልክቶች የሚያድግ ነውና ቃሉ ተቃራኒውን ነገር ያሳስባል። «ጠቋሚ» ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ የሚል ጥላ አለበት፤ በአብዮቱ ዓመታት አዋቂ የነበረ አንባቢ ይህን ጥላ አይረሳውም። «አመልካች» ማመልከቻ ያስገባ ሰው ነው፣ በሰዋስውም የተውላጠ ስም ዐይነት ነው። «አመላካች» ከሁሉም የተሻለ ነፃ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀመው እርሱን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ሁለቱም ረቂቆች «መተንበይ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማሉ፤ ልብ ብለን ብናይ ምንጩ ጽሑፍ ውስጥ በዚህ ስፍራ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች አሉ። አንዱ አመላካች፣ ሕክምናው ምንም ይሁን ምን፣ ሕመሙ ወዴት እንደሚያመራ የሚናገር ነው። ሌላው አመላካች፣ አንድ የተወሰነ መድኃኒት ለዚህ ሕመምተኛ ከሌላው ይልቅ ይበጀው እንደሆነ የሚናገር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቃላት መፍቻ አመላካቾች በ7 ክፍል ሲከፈሉ፣ እነዚህ ሁለቱ የየራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አንድ ነገር ነው፣ ስለ ሕመሙ። ሁለተኛው በሁለት ነገሮች መካከል ስላለ ግንኙነት ነው፣ ስለ ሕመሙና ስለ መድኃኒቱ። ስለዚህም ማረጋገጫቸው ይለያያል፤ ሁለተኛውን ለማሳየት መድኃኒቱን የወሰዱና ያልወሰዱ ሕሙማን፣ አመላካቹ ያለባቸውና የሌለባቸው፣ እርስ በርሳቸው መነጻጸር አለባቸው።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ከኩላሊት ሳይሆን ከአንጎል ካንሰር የተገኘ ነው። ግሊዮብላስቶማ በተባለው የአንጎል ካንሰር ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት ኤም ጂ ኤም ቲ የተባለው በራሂ በ206 ሕሙማን ዕጢ ላይ ተመርምሮ በ45 በመቶው በሜቲል ተሸፍኖ ተገኘ። በራሂው ከተሸፈነባቸው መካከል ከጨረር ሕክምናው ጋር ቴሞዞሎማይድ የተባለውን መድኃኒት እንዲወስዱ የተመደቡት ዐማካይ ዕድሜ 21.7 ወር ሲሆን፣ በጨረር ብቻ እንዲታከሙ የተመደቡት 15.3 ወር ነበር። በራሂው ባልተሸፈነባቸው ሕሙማን ግን የመድኃኒቱ ጥቅም አነስተኛና በስታቲስቲክስ ያልጸና ነበር። እዚህ ላይ ሜቲሉ የሚነግረን የሕመሙን መንገድ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ማንን እንደሚጠቅምም ነው።

በኩላሊት ካንሰር ላይ እስካሁን የተገኙት በአብዛኛው የመጀመሪያው ዐይነት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በ5 የተመረጡ ቦታዎች ላይ ያለውን ሜቲል በመለካት፣ የገረጣ ሕዋስ ካንሰር ያለባቸውን ሕሙማን ብዙ በሚያሰጋቸውና ብዙ በማያሰጋቸው ከፍሎ፣ ክፍፍሉን በሦስት ልዩ ልዩ የሕሙማን ስብስቦች ላይ ፈትኗል። በ2016 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ፓፒላሪ ከተባለው የኩላሊት ካንሰር 161 ዕጢዎች ተመርምረው፣ ደሴቶቻቸው በሰፊው ሜቲላማ የሆኑባቸው ጥቂት ሕሙማን ከሁሉ የከፋ ዕጣ እንደገጠማቸው ታይቷል። ሁለቱም ስለ ሕመሙ ጽናት ይናገራሉ፤ የትኛው መድኃኒት ይሰጥ ስለሚለው የሚወስኑት ነገር የለም። በዕለት ተዕለት ሕክምናም የተለመዱ አልሆኑም፤ ሐኪሞች አሁንም በዋናነት የሚመረኮዙት ካንሰሩ በደረሰበት ደረጃና ሕዋሳቱ በአጉሊ መነጽር በሚያሳዩት መልክ ላይ ነው።

ተርጓሚውን ብቻ መውቀስ ግን ፍትሕ አይሆንም። የ2015ቱ ጥናት በርእሱ ላይ የተጠቀመው ግሥ፣ የቃላት መፍቻው በኋላ ለሁለተኛው ዐይነት የለየውን ነው። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ግሡን በተራ ፍቺው ሲጠቀሙ ቅጽሉን ግን በጠባቡ ሙያዊ ፍቺ ይይዙታል። ስለዚህ ተርጓሚው ከቃሉ ይልቅ የጥናቱን አሠራር ማንበብ አለበት፤ መድኃኒት የወሰዱና ያልወሰዱ ተነጻጽረዋልን ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ «የለም» ከሆነ ቃሉ ምንም ቢል አመላካቹ የመጀመሪያው ዐይነት ነው።

በአማርኛው በኩል ያለው ችግር ከዚህም ይከብዳል። ተነበየ፣ ትንበያ፣ ትንቢት፣ ነቢይ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። «የአየር ትንበያ» ቃሉን ወደ ግምት እንዳቀረበው አንክድም፤ ዝናብ ይጥላል ተብሎ ባይጥል የሚደነግጥ የለም። በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ግን የሚሰማው የነቢዩ ድምፅ እንጂ የአየር ጠባይ ዘገባው አይደለም። ሐኪሙ «ምርመራው መጥፎ ይተነብያል» ቢል፣ ቤተ ሰቡ የሚሰማው «ተቈርጧል» የሚለውን ነው። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ትሑት አነጋገር አለው፤ አስታማሚ «አያያዙ አላማረኝም» ይላል። ይህ ግምት ነው፣ ነገ ሊሻሻል የሚችል። «አያያዝ» የዛሬው ቢሮ ለሕሙማን እንክብካቤ ስለወሰደው ለሙያ ቃልነት ባይመችም፣ የሚያሳየን መንገድ ትክክል ነው።

ስለዚህ «ተንባይ» የሚለውን ቅጽል ትተን አመላካቹን በሚያመለክተው ነገር እንሰይመው እንላለን፤ የመጀመሪያውን «የሕመም አካሄድ አመላካች»፣ ሁለተኛውን «የመድኃኒት ምላሽ አመላካች»። ስሞቹ በግሥ ላይ ሳይሆን በተሳቢው ላይ የቆሙ ናቸው፤ የጽንሰ ሐሳቦቹም ልዩነት ያለው በዚያው ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ፣ በአዲስ አበባም ይሁን አማርኛ ተናጋሪዎች በሚታከሙባቸው የዋሽንግተን ወይም የእስራኤል ሆስፒታሎች ቢሰጥ፣ ሕመምተኛው ምን ላይ እንደፈረመ ሳያውቅ ያስፈርመዋል። የሕመም አካሄድ አመላካች አለብህ የተባለ ሰው፣ መድኃኒቱ አይሠራልህም የተባለ መስሎት ሕክምናውን ሊተው ይችላል።

የቀረው የሐረጉ መድረሻ ነው። «ውጤት» የላቦራቶሪ መልስም የፈተና ነጥብም ነውና «የካንሰርን ውጤት መተንበይ» የሚለው፣ ምርመራው ካንሰር ይገኝበት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «ፍጻሜ» ደግሞ ሞትን ይዞ ይመጣል። በጥናቶቹ ውስጥ ግን ይህ ቃል የሚጠቀልላቸው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሕመሙ መመለስ፣ መዛመት፣ ሕመምተኛው በሕይወት የቆየበት ጊዜ። ተርጓሚው ጥናቱ የለካውን ለይቶ ቢጽፍ ይሻላል። በተለይ የ5 ዓመቱ መለኪያ ጥንቃቄ ይሻል። «የ5 ዓመት የመኖር ዕድል» ሲባል አንባቢው 5 ዓመት ብቻ እንደተፈቀደለት ይረዳዋል፤ ትርጉሙ ግን ሕመሙ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ 5 ዓመት ሲሞላ በሕይወት የተገኙት ሕሙማን ከመቶ ስንት ናቸው የሚል ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህ አጭር ስያሜ አናቀርብም። በሠንጠረዥ ራስጌ ላይ «በ5ኛው ዓመት በሕይወት ያሉ፣ ከመቶ» ተብሎ ይጻፍ፤ ለሕመምተኛው በሚሰጥ ወረቀት ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ ይስፈር።